ጢሱ ሲሄድ ሳሉ ይቀራል

በዛሬው የጤናና የሳይንስ ዓምድ የምናነሣው ጉዳይ መርዛማና የሚያቃጥል አየር የሳበ ሰው ከወራትና ከዓመታት በኋላ በሳንባው ላይ ስለሚደርስበት ጉዳት ነው። ርእሱን የመረጥሁት ዐዋቂ ስለሆንሁ አይደለም። ባለማወቄ ስላፈርሁ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው።

ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት ወቅት ለስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ማይጨው ጦርነት እነግራቸው ነበር። የኢጣልያ አውሮፕላኖች የመርዝ ጋዝ እንደ ጣሉና ብዙ ሰው እንዳለቀ ተናገርሁ። ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣና «ጋሼ፣ ያልሞቱትስ?» አለኝ። እኔም ሳላመነታ «እነሱማ ዳኑ» ብዬ ወደሚቀጥለው ነጥብ ተሻገርሁ። ከኋላ ተቀምጠው ሲከታተሉኝ የነበሩት መምህራችን ከክፍል ስንወጣ ማስታወሻቸውን አሳዩኝ። በስሜ ትይዩ የተጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «መዳን ማለት ምን ማለት ነው?»

ይህ ጽሑፍ የዚያች ጥያቄ መልስ ነው።

የ1928 ዓ.ም. መርዝና ደሴ

በሰኔ ወር 1917 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ በተፈረመ ስምምነት የመርዝ ጋዝን ለጦርነት መጠቀም ተከልክሎ ነበር። ኢጣልያም ከፈረሙት አገሮች አንዷ ናት። ፊርማው ግን በወረራው ጊዜ አላገዳትም።

በኅዳር 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የጦር መምሪያቸውን እዚሁ ደሴ ላይ አደረጉ። ኅዳር 26 ቀን የጠላት አውሮፕላኖች መጥተው ከተማዋን ደበደቡ። የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት ሐኪም ቤት እንኳ አልተረፈም። እዚህ ላይ እኔ ራሴ የተሳሳትሁበትን አንድ ነገር ላርም። በዚያን ዕለት ደሴ ላይ የወረደው ፈንጂና ተቀጣጣይ ቦምብ ነው እንጂ የመርዝ ጋዝ አልነበረም። መርዙ የጀመረው ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1928 ዓ.ም. በተከዜ አካባቢ በራስ እምሩ ጦር ላይ ነው። ከዚያ በኋላ በተምቤን፣ በኮረም ዙሪያ፣ ከማይጨው ጦርነት በኋላም ወደ ኋላ ይመለስ በነበረው ጦር ላይ በአሸንጌ ሐይቅ ዳር ወርዷል።

ታዲያ ደሴ ከዚህ ታሪክ ምን አላት? ደሴ ወደ ሰሜኑ ግንባር መውጫ በር ነበረች። ስንቁም፣ ወታደሩም፣ ከውጭ አገር የመጡት የቀይ መስቀል ሐኪሞችም በዚህ በኩል ነው ያለፉት። ከእነዚህ መካከል የስዊሱ ዶክተር ማርሴል ዡኖና የእንግሊዙ ዶክተር ጆን ሜሊ ይገኛሉ። ዶክተር ዡኖ ኮረም አካባቢ በመርዝ የተቃጠሉ ሰዎች ሜዳ ላይ ተኝተው እርዳታ ሲማጸኑ ማየቱን ጽፎ አልፏል። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆመው ይህንኑ ለዓለም ተናገሩ።

መርዙ በማይጨው አላበቃም። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ በዘረት ዋሻ ተጠልለው የነበሩ አርበኞችና ቤተሰቦቻቸው በመርዝ ጋዝ ተጠቅተዋል። የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስቴር በመርዝ ጋዝ መጠቀሙን በይፋ ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው። ከወረራው ስድሳ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ለመሆኑ መርዙ ምን ዓይነት ነበር?

በብዛት የተጣለው የሰናፍጭ ጋዝ ወይም ኢፕሪት የሚባለው ነው። ኢፕሪት የተባለው እ.ኤ.አ. በ1917 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቤልጅግ አገር ኢፕር በተባለች ከተማ አጠገብ መጀመሪያ ስለ ተጣለ ነው። ሰናፍጭ መባሉ ደግሞ ከሽታው የተነሣ ነው፤ አንዳንዱ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል ይለዋል። ከምንበላው ሰናፍጭ ጋር ዝምድና የለውም።

«ጋዝ» ይባል እንጂ በተፈጥሮው ዘይት የሚመስል ፈሳሽ ነው። ከ14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲሆን እንደ ቅቤ ይረጋል፤ ሲሞቅ ይቀልጥና ይተናል። በደጋ አገር ሌሊት ሣሩ ላይ ረግቶ ያደረው ጠብታ ፀሐይ ሲወጣ መትነን ይጀምራል ማለት ነው። ትነቱ ከአየር አምስት እጥፍ ያህል ስለሚከብድ ወደ ሸለቆና ወደ ጉድጓድ ይወርዳል። ከአውሮፕላን ሸሽቶ ገደል ውስጥ የተሸሸገው ወታደር መርዙ ወደሚሰበሰብበት ቦታ ሄደ ማለት ነው። በባዶ እግሩ የሚሄደውም ሣሩን ሲረግጥ ተቃጠለ።

ሌላው ክፋቱ ዝምታው ነው። በርበሬ ሲቆላ ወዲያው ያስለናል፣ እኛም እንወጣለን። ኢፕሪት ግን ሲነካ ብዙም አያምም። ሥራውን ውስጥ ለውስጥ ጀምሮ ሕመሙ የሚታወቀው ከጥቂት ሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግስቱ ነው። ያን ጊዜ ዐይን ይዘጋል፣ ቆዳ ውሃ ይቋጥራል፣ ጉሮሮና የአየር ቧንቧ ይላጣል።

ሳንባ እንዴት ይጎዳል?

ለተማሪ ስናስረዳ ሳንባን የተገለበጠ ዛፍ አድርገን ብንሥል ይቀላል። ግንዱ ዋናው የአየር ቧንቧ ነው። ቅርንጫፎቹ እየቀጠኑ፣ እየቀጠኑ ይሄዱና ጫፋቸው ላይ እንደ ቅጠል ያሉ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች አሉ። ቁጥራቸው ከ300 ሚሊዮን አያንስም። ተዘርግተው ቢለኩ ከአንድ የመማሪያ ክፍል ወለል ይሰፋሉ። ኦክስጂን ወደ ደም የሚገባው በእነዚህ ስስ ከረጢቶች ግድግዳ በኩል ነው።

የአየር ቧንቧዎቹ ውስጣቸው በአክታ የተለሰነ ነው። ከአክታው ሥር ደግሞ ዐይን የማያያቸው ፀጉሮች አሉ። አቧራና ተሕዋስያን ሲገቡ አክታው ይይዛቸዋል፣ ፀጉሮቹም ያለ ዕረፍት ወደ ጉሮሮ ይጠርጓቸዋል። ቤታችንን በየጠዋቱ እንደምንጠርገው ሳንባም ራሱን ይጠርጋል።

የሚያቃጥል ጋዝ ሲገባ መጀመሪያ የሚበላሸው ይህ መጥረጊያ ነው። ከዚያ በኋላ የጉዳቱ ቦታ እንደ ጋዙ ጠባይ ይለያያል። እንደ አሞኒያ ያለ በውሃ ቶሎ የሚሟሟ ጋዝ አፍንጫንና ጉሮሮን ወዲያው ያቃጥላል፤ ሰውየው ስለሚሸሽ ብዙ ጊዜ ወደ ታች ሳይደርስ ይቀራል። ክሎሪን መካከለኛ ነው፤ ላይኛውንም ታችኛውንም ይነካል። ፎስጂን የሚባለው ግን በውሃ ቶሎ ስለማይሟሟ ላይኛውን ክፍል ሳያስቆጣ ሾልኮ እስከ ከረጢቶቹ ይደርሳል። ሰውየው «ደኅና ነኝ» እያለ ሲጫወት ቆይቶ በዚያው ሌሊት ሳንባው ውሃ ሊሞላ ይችላል። እንግዲህ «አላሳለኝም፣ ስለዚህ አልጎዳኝም» ማለት ትልቅ ስሕተት ነው።

«ዳኑ» የተባሉት ምን ሆኑ?

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ እንምጣ። እጁ በምጣድ የተቃጠለ ሰው ቁስሉ ይደርቅለታል፣ ጠባሳው ግን ይቀራል። ጠባሳ እንደ ቀድሞው ቆዳ አይለጠጥም። በሳንባም ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነው። ቁስሉ ሲድን ቀጫጭኖቹ ቧንቧዎች በጠባሳ ይጠባሉ ወይም ይደፈናሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ ቅርጻቸው ተበላሽቶ እየሰፉ አክታ ያጠራቅማሉ። መጥረጊያው ስለ ተበላሸ አክታው አይወጣም፤ ተሕዋስያን ይራቡበታል። በዚህም የተነሣ ሰውየው በየክረምቱ የሳንባ ምች ይይዘዋል። ምቹ ደግሞ ሌላ ጠባሳ ይጥላል። አንዱ ጉዳት ሌላውን እየወለደ ይሄዳል።

ይህን በዝርዝር ያስተማሩን በሌላ አገር የደረሱ መከራዎች ናቸው። በኢራንና በኢራቅ ጦርነት ጊዜ፣ በሰኔ 1979 ዓ.ም. ሳርዳሽት በተባለች የኢራን ከተማ ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ተጣለ። የተረፉትን ሐኪሞች ከሃያ ዓመት በላይ ተከታትለዋቸዋል። በብዙዎቹ ላይ የማይለቅ ሳል፣ አክታ፣ ሲተነፍሱ ሲር ሲር ማለትና ትንፋሽ ማጠር ተገኝቷል። የሚገርመው በዚያን ዕለት ቀላል ጉዳት ብቻ የታየባቸው አንዳንድ ሰዎች ከዓመታት በኋላ መታመማቸው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1929 እስከ 1945 በጃፓን ኦኩኖሺማ ደሴት ይህንኑ ጋዝ ሲያመርቱ በነበሩ ሠራተኞች ላይ ደግሞ የሳንባ ካንሰር በዝቶ ታይቷል። መርዙ የሴሎችን የዘር መዋቅር ስለሚያበላሽ ነው።

የኛዎቹን ቁስለኞች እንዲህ ዓመት ለዓመት የተከታተላቸው አልነበረም። ጦሩ ሲፈርስ የቀይ መስቀል ሐኪሞችም ስፍራውን ለቅቀው ሄዱ። ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት ደሴ ገባ። ከመርዙ የተረፈው ገበሬ ቁስሉን ይዞ ወደ እርሻው ተመለሰ። ሞፈር ተሸክሞ ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ቢኖር «ምች መታው» ተብሎ ይሆናል፤ «መርዙ ነው» ብሎ የሚመዘግብለት ሐኪም አላገኘም። የሞተው በታሪክ ተቆጠረ፤ እያሳለ የኖረው ግን ሳይቆጠር ቀረ። በክፍሌ ውስጥ በአንዲት «ዳኑ» የሸፈንኋቸው እነዚህን ሰዎች ነው።

ጦርነት የሌለበት መርዝ

«ይህ የድሮ ታሪክ ነው፣ እኛን ምን አገባን?» የሚል ይኖር ይሆናል። እንግዲያው የአንድ ጓደኛዬን ነገር ልንገራችሁ። የምጽፈው ፈቅዶልኝ ነው።

ሁለተኛ ደረጃ ሳለን በጽዳት ዘመቻ ለሦስት ሆነን መጸዳጃ ቤት እናጥብ ነበር። ወለሉ አልጠራ ሲለን በረኪና አፈሰስንበት። አሁንም አልጠራ ሲለን የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ አሲድ ጨመርንበት። ብርድ ስለ ነበር በሩን ዘግተናል። ወዲያው ዐይን የሚቆጠቁጥ ሽታ ተነሣ፤ እየተደነቃቀፍን ወጣን። ሁለታችን በማግስቱ ተሻለን። እሱን ግን ሳሉ አልለቀቀውም። «ጉንፋን ነው፣ አብሽር» እያልን ወራት አለፉ። ይኸው ሦስት ዓመት ሆነው፤ በርበሬ ሲቆላ፣ ጠዋት ብርድ ሲመታው፣ ሰሌዳ ሲያጠፋ የጠመኔው ብናኝ ሲነሣ ያፍነዋል። ዛሬ እሱም እንደኔ ዕጩ መምህር ነው። ጠመኔ የሚጠላ ሳንባ ይዞ ጠመኔ ሊይዝ ነው የሚዘጋጀው!

በኬሚስትሪ ትምህርት እንደምናውቀው በረኪናና አሲድ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ያው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለጦር መሣሪያነት የዋለው ክሎሪን ነው። በረኪና ከአሞኒያ ጋር ቢገናኝም ሌላ የሚያቃጥል ጋዝ ይፈጠራል። አንድ ጊዜ ብቻ በብዛት የሚያቃጥል ጋዝ ከሳበ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ጀምሮ ከሦስት ወር በላይ የሚዘልቅ አስም መሰል ሕመም እንዳለ ሐኪሞች ያውቃሉ። ጓደኛዬ ዘግይቶ ሐኪም ዘንድ ቢሄድ ይህንኑ ነገሩት፤ በአፍ የሚሳብ መድኃኒትም አዘዙለት። አሁን እየተሻለው ነው፤ ግን ሐረጎን በእግሩ ውጣ ብትሉት ገና ግማሽ ሳይደርስ ቁጭ ይላል። በነገራችን ላይ ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው። ጤነኛ ሳንባ ይህን ይችለዋል፤ የተጎዳ ሳንባ ግን ከኮምቦልቻ ደሴ ሲወጣ ልዩነቱ ይሰማዋል።

ሁለተኛው መርዝ ማድ ቤታችን ውስጥ ነው። የእንጨትና የኩበት ጢስ ዐይንን ብቻ አያስለቅስም፤ የሚያቃጥሉ ጋዞችንና ሳንባ ድረስ የሚገቡ ብናኞችን ይዟል። በአንድ ቀን እንደ ኢፕሪት አያቃጥል እንጂ ሠላሳና አርባ ዓመት በየቀኑ ሲሳብ ተመሳሳይ ጠባሳ ይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ ከቤት ውስጥ ጢስ ጋር በተያያዘ ሕመም 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል። ሲጋራ በአፋቸው ዞሮ የማያውቅ እናቶቻችን እንደ አጫሽ የሚያስሉት በዚህ ምክንያት ነው። እኔ የእናቴን ሳል እንደ ድምፅዋ አካል ነበር የምቆጥረው። በሽታ መሆኑን የተረዳሁት ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ ነው።

ሦስተኛው በፋብሪካ አካባቢ የሚያጋጥመው ነው። ኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ከተማ ናት፤ ከእኛም ከተማሪዎቻችንም ብዙዎቹ እዚያ የሚሠራ ዘመድ አለን። በዚህ ወይም በዚያ ፋብሪካ ጉዳት ደርሷል ማለቴ እንዳይደለ ይታወቅልኝ። በየትኛውም አገር ቢሆን በቆዳ ሥራ አሞኒያና ሃይድሮጅን ሰልፋይድ፣ በብየዳ ሥራ የብረት ጢስ፣ በፈትል ሥራ የጥጥ ብናኝ ይኖራል። የጥጥ ብናኝ ሕመም ምልክቱ የሚገርም ነው፤ ከዕረፍት ቀን ማግሥት ሥራ ሲጀመር ደረት ጥብቅ ይላል። ጥንቃቄ ሲጓደል ምን እንደሚመጣ ለማወቅ የሕንድን ቦፓል ማስታወስ ይበቃል። በኅዳር 1977 ዓ.ም. ሌሊት ከአንድ የፀረ ተባይ ፋብሪካ 40 ቶን ያህል መርዛማ ጋዝ አምልጦ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። ከተረፉት ብዙዎቹ ከዐሥርት ዓመታት በኋላም ትንፋሽ ያጥራቸው ነበር።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ የጽዳት ኬሚካሎችን አንቀላቅል። በተለይ በረኪናን ከውሃ በቀር ከምንም ጋር አናገናኝ። ተማሪዎችን ለጽዳት ስናሰማራ በሩና መስኮቱ ክፍት ይሁን፤ አሲድና በረኪና በልጅ እጅ አይያዝ።

ሁለተኛ፣ የሚያቃጥል ጋዝ ከተነሣ ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር እንውጣ። ብዙዎቹ መርዛማ ጋዞች ከአየር ስለሚከብዱ ወደ ከፍታና ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ መሄድ ይሻላል። ኬሚካሉ የነካው ልብስ ይውለቅ፣ ገላና ዐይን በብዙ ውሃ ይታጠብ። «መርዝ ያረክሳል» እየተባለ ወተት ይጠጣል፤ ወተት ግን የሚሄደው ወደ ሆድ ነው እንጂ ወደ ሳንባ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ደኅና ነኝ ቢልም የሳበው ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ ይታይ። ከላይ እንዳልነው አንዳንዱ ጋዝ ጉዳቱን የሚያሳየው ዘግይቶ ነው።

አራተኛ፣ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል ያለበት ሰው መመርመር አለበት። የሳንባ ነቀርሳም ሊሆን ይችላል፤ እሱ ደግሞ የሚድን በሽታ ነው። ለሐኪሙ ሳሉን ብቻ ሳይሆን ምን ዓይነት ጢስ ወይም ጋዝ እንደ ሳብን እንንገረው። ካልነገርነው ከየት ያውቃል? ጠባሳን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም፤ ነገር ግን ቧንቧውን የሚከፍት መድኃኒት አለ፣ ምችን ቶሎ ማከም ይቻላል፣ ከሲጋራና ከጢስ መራቅም የቀረውን ሳንባ ያተርፋል።

አምስተኛ፣ ማድ ቤት መስኮትና የጢስ መውጫ ይኑረው፤ እንጨቱ ደረቅ ይሁን፤ የሚቻለው ሰው ጢስ የሚቀንስ ምድጃ ይጠቀም። ሕፃን ታዝሎ ምጣድ አጠገብ አይዋል።

በመጨረሻም ለእኛ ለዕጩ መምህራን አንድ ቃል። ክፍላችን ውስጥ ሁልጊዜ የሚያስል ልጅ ይኖራል። «ዝም በል፣ አትረብሽ» ከማለታችን በፊት ቤቱ ውስጥ ምን እንደሚጤስ እንጠይቀው። ጠመኔ የሚያፍነው ከሆነ ከሰሌዳው ራቅ አድርገን እናስቀምጠው፤ ሰሌዳውንም በእርጥብ ጨርቅ እናጥፋ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደዚያው ትምህርት ቤት ለልምምድ እመለሳለሁ። መጀመሪያ የማደርገው ያንን የኋላ ወንበር ልጅ ፈልጌ «ባለፈው የነገርኩህ ትክክል አልነበረም» ማለት ነው። ከዚያም ለክፍሉ በሙሉ «ከመርዙ የተረፉት ብዙዎቹ እያሳሉ ኖሩ» ብዬ እነግራቸዋለሁ። የተገለበጠውን ዛፍም ሰሌዳው ላይ እሥልላቸዋለሁ።

ሳንባችሁን ይጠብቅልን። በሌላ ጽሑፍ እስክንገናኝ ደኅና ሁኑ።